ሰውየው ነው ወይስ ታክሲው? የፍቅር ጓደኛን ጠባይ በፐርሰናሊቲ ቲዎሪ ስለመረዳት

ባለፈው ወር ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ልጅ በሬን አንኳኳች። ስልኳን እንደዘረጋች ነው የገባችው፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። «እስቲ እዪልኝ እህቴ፣ 12 ሰዓት ላይ የላኩለት ነው፣ እስካሁን አንድ ራይት ብቻ ናት፣ አልከፈተውም፣ አቮይዳንት ነው አይደል?» አለችኝ። አቮይዳንት፣ ማለትም ሰው ሲቀርበው የሚሸሽ፣ የሚለውን ቃል ከቲክቶክ ነው ያገኘችው፣ ቃሉን ካገኘች ወዲህ ደሞ ልጁ የሚያደርገው ሁሉ እዛ ውስጥ ገብቷል፣ ቢዘገይም አቮይዳንት፣ ቢስቅም አቮይዳንት።

እኔ የተማርኩት ሳይኮሎጂ ነው፣ የምሰራው ግን ኤች አር ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው የዓመት ፈቃድ ስቆጥር ነው የምውለው። ግን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዴ «እሷ እኮ የሰው ጠባይ ነው የተማረችው» ከተባለ አለቀ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር ከአቦል እስከ በረካ የሰው ባልና የሰው ሚስት እየቀረበ ይተነተናል። እና ለሁሉም በየተራ ከምደግም አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ቲዎሪው ለሰው ስም እንዲያወጣላችሁ ከሆነ የምትፈልጉት ይቅርባችሁ። ስም ለማውጣትማ ማን ብሎን፣ አኩራፊ፣ ነዝናዛ፣ ግልፍተኛ፣ ቆቅ፣ ድርቅ ያለ፣ አማርኛችን ሞልቶታል። ቲዎሪው የሚጠቅመው ቀጥሎ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ሲያሳያችሁ ነው።

መጀመሪያ ደብተር

የመጀመሪያው ስራ መጻፍ ነው። ደብተር ላይም ይሁን ስልክ ላይ፣ ብቻ የምትጽፉበትን ነገር ደህና ቦታ አድርጉት፣ ሰውየው ቢያገኘው ራሱን የቻለ ጠብ ነው። ለሁለት ሳምንት የከነከናችሁን ነገር በየቀኑ ትጽፋላችሁ፣ ህጉ አንድ ነው፣ ቅጽል መጻፍ ክልክል። «ዛሬም አኮረፈ» አይባልም። «ማክሰኞ፣ ማታ 2 ከሩብ ገባ፣ እራት በቃኝ አለ፣ የኪራዩን ነገር ስጠይቀው ነገ አለኝ፣ ተኛ» ይባላል። ሰዓቱን፣ ከዛ በፊት ምን እንደተባለ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደነበረ። ሲጀመር ያስቸግራል፣ እጃችሁ ወደ ቅጽሉ ነው የሚሄደው፣ «እንደለመደበት» ምናምን ትላላችሁ፣ እሱን ሰርዙት።

ይሄ ከሜዳ የመጣ ምክር አይደለም። ዋልተር ሚሸል የሚባል ሳይኮሎጂስት 1968 ላይ (ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ) ባወጣው መጽሐፍ የፐርሰናሊቲን ትምህርት ከስሩ ነቀነቀው፣ አንድ ሰው በቴስት «እንዲህ ያለ ነው» ስለተባለ ብቻ በአንድ የተወሰነ ቦታ ምን እንደሚያደርግ ብዙም መገመት አይቻልም አለ። ጠባይ የሚባል ነገር የለም ማለቱ ነው ብለው ብዙ ሰዎች ተናደውበት ነበር። በኋላ ግን 1994 ላይ እሱና ጓደኞቹ የበጋ ካምፕ ውስጥ ያሉ ልጆችን ተከታትለው ያወጡት ነገር ነው ለኛ የሚጠቅመን። ሁለት ልጆች እኩል ተደባዳቢ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን ሲታይ አንደኛው የሚማታው እኩያው ሲያሾፍበት ነው፣ ሌላኛው ደሞ አዋቂ ሲቆጣው። በድምሩ አንድ ናቸው፣ ሲዘረዘር አይገናኙም። እና የሰው ጠባይ «ተደባዳቢ» የሚል ታፔላ ከመሆን ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲያ ያደርጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሆኖ ቢጻፍ ብዙ ይናገራል፣ እሱ ደሞ እስኪመጣና እስኪደጋገም ካልተመዘገበ አይታይም። ደብተሩ ለዛ ነው።

ከዛ ታክሲውን ቀንሱ

የራሴን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ቤት ሲገባ አያወራም ነበር። ዝም። ጫማውን ያወልቃል፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ቲቪው ላይ ያፈጣል፣ ኳስም ባይኖር ያፈጣል። እኔ ደሞ ትምህርቱ አለኝና ኢሞሽናሊ አንአቬይለብል፣ ስሜቱን የማያካፍል ምናምን እያልኩ በሆዴ ፋይል ከፈትኩበት። ከዛ ሌላውን የምመክረውን ራሴ ልሞክረው ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ሳየው ዝም ያለባቸው ቀኖች በሙሉ ማለት ይቻላል የመስሪያ ቤቱ ሰርቪስ ያመለጠው ቀኖች ናቸው። ሰርቪስ ሲያመልጠው ከሜክሲኮ በታክሲ ነው የሚመጣው፣ ሰልፍ፣ ሳሪስ ላይ መውረድ፣ እንደገና ሰልፍ፣ ቃሊቲ ላይ መቆም፣ ከዛ ተጣብቆ እስከዚህ ድረስ፣ ከቢሮ በር እስከ ቤት በር ሁለት ሰዓት ተኩል የፈጀበት ቀን አለ። ቅዳሜና እሁድ ደሞ ሰውየው ያወራል፣ እንደውም ያበዛዋል።

ከርት ሌዊን የሚባል ሳይኮሎጂስት 1936 ላይ አንዲት ፎርሙላ ጽፏል፣ ባህሪ ማለት የሰውየውና ያለበት ሁኔታ ፈንክሽን ነው የምትል፣ ማለትም ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው የሚወስኑት። ክላስ ውስጥ ለፈተና ሸምድጃት አልፌያለሁ፣ የገባችኝ ግን ቱሉ ዲምቱ ከገባሁ በኋላ ነው። ሊ ሮስ የሚባል ሌላ ሳይኮሎጂስት ደሞ 1977 ላይ ስም ያወጣለት ስህተት አለ፣ የሌላን ሰው ስራ ስናይ ሰውየውን እንወቅሳለን፣ ያለበትን ሁኔታ እንዘላለን። እኔ ሳረፍድ መንገዱ ነው፣ አንተ ስታረፍድ ንቀህኝ ነው፣ አይደል እንዲህ የምንለው?

ስለዚህ ደብተሩን ክፈቱና እያንዳንዱ መስመር አጠገብ ሁኔታውን ጻፉ። ትራንስፖርት። ውሃ፣ ምክንያቱም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሶስት ቀን ጠፍቶ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የተሸከመ ሰው ጠባዩ የሱ አይደለም። የወሩ ስንተኛ ቀን ነው፣ ደሞዝ ወጥቷል አልወጣም። ልጅ ታሞ ነበር ወይ። የሚጾም ሰው ከሆነ ደሞ በዓቢይ ጾም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የማንም ፐርሰናሊቲ አይለካም፣ ይሄን እንደ ባለሙያም እንደ ጿሚም ነው የምላችሁ።

ከዛ ሶስት ጥያቄ ጠይቁ። ሁኔታው ጥሩ በሆነበት ቀንም ያደርገዋል? ከኔ ሌላ ሰው ጋርም፣ ለምሳሌ ከእናቱ ከጓደኞቹ ጋር፣ እንደዛው ነው? ወደዚህ ሰፈር ከመምጣታችን በፊትስ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ዳር ከተማ ላይ ለምንኖር ሰዎች ትልቅ ነገር ናት። ከመሃል ከተማ ተነስተው የመጡ ባልና ሚስት አውቃለሁ፣ ሚስትየው ሰላሳ ዓመት ቡና የጠጣችባቸውን ጎረቤቶች፣ እድሯን፣ ጉሊቷን ትታ ነው የመጣችው፣ ባልየው «እዚህ ከመጣን ጀምሮ ነጭናጫ ሆነችብኝ» ይላል። ነጭናጫ አልሆነችም፣ የምታወራው ሰው አጣች፣ ድሮ ለስምንት ሰው ይከፋፈል የነበረው ወሬና ብሶት አሁን በሙሉ እሱ ላይ ነው የሚወርደው። ይሄን በየትኛውም የፐርሰናሊቲ ቴስት አታገኙትም።

ከሶስቱ ጥያቄ ያለፈው፣ ማለትም በደህናውም በክፉውም ቀን፣ እዛም እዚህም የሚደጋገመው፣ እሱ ነው ጠባይ።

አምስቱ ነገሮች

አሁን ቢግ ፋይቭ ወደሚባለው፣ የሰውን ጠባይ በአምስት ትልልቅ መለኪያ ወደሚያየው እንሂድ፣ ተመራማሪዎች በብዛት የሚሰሩበት እሱ ነው። አመጣጡ ደስ ይለኛል። 1936 ላይ አልፖርትና ኦድበርት የሚባሉ ሁለት ሰዎች የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዘው ሰውን ከሰው የሚለዩ ቃላትን ለቀሙ፣ 17,953 ቃል አገኙ። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ለሰው ኑሮ የሚያስፈልግ የጠባይ ልዩነት ካለ ህዝቡ ቃል አውጥቶለታል የሚል ነው። ከዛ ሌሎች እያጠጋጉ እያጠጋጉ አምስት ቡድን ላይ ደረሱ፣ ቢግ ፋይቭ የሚለውን ስም ጎልድበርግ የሚባል ሳይኮሎጂስት ነው 1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያወጣለት። እኔ አንዳንዴ ቡና ላይ ይሄንኑ ጨዋታ በአማርኛ አጫውታለሁ፣ ባላችሁን የምትገልጹበትን ቃል አምጡ ስል ግማሹ በሆድ ይጀምራል፣ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆደ ቡቡ፣ ሆዱን የማይነግር። የኛ ሰው ጠባይ ሆድ ውስጥ ነው ያለው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ከታች ለምዘረዝራቸው ለአምስቱም ከ1 እስከ 10 ለራሳችሁ ነጥብ ስጡ፣ ለሱም ስጡ፣ እሱም ለራሱና ለናንተ ይስጥ፣ ከዛ አስተያዩ። ዋናው ቁም ነገር ነጥቡ ራሱ አይደለም፣ ሁለታችሁ የሰጣችሁት የት ጋ እንደተራራቀ ነው። እኔ ለራሴ በለስላሳነት 8 ሰጥቼ ባለቤቴ 4 ሰጠኝ፣ ለምን 4 ብዬ ጮህኩበት፣ እሱም ወዲያው ወደ 3 ዝቅ አደረገው።

አዲስ ነገር መውደድ፣ ኦፕንነስ የሚሉት፣ አንዱ አዲስ ምግብ አዲስ ቦታ አዲስ ሀሳብ ይላል፣ ሌላው የለመደውን። በባልና ሚስት መሃል ብዙም ሲያጣላ አላየሁም፣ ልጅ ማሳደግና ሃይማኖት ላይ ካልመጣ በስተቀር።

ሰው ወዳድነት። ተጫዋችና ጭምት። ጭምት ሰው እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት ከገባ ዘመዶቻችሁን ጠልቶ ላይሆን ይችላል፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰባት ሰው ሲሆን ይደክመዋል። መፍትሄውም የሰዓት ነው፣ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት አብሮ ይቀመጥ፣ ከዛ ውሃ ልቅዳ ብሎ ይውጣ፣ ማንም አይቀየምም።

ጥንቃቄና ቃል አክባሪነት። የእቁብ ቀን የማይረሳና የእድር መዋጮ ሶስት ወር የሚያሳልፍ ሰው ተጋብተው እስቲ ሰላም ይሁኑ። እዚህ ላይ የማየው ስህተት ዝርክርኩን ሰው «አይወደኝም» ብሎ መተርጎም ነው። የልደትሽን ቀን የረሳው ሰውዬ የራሱን የመታወቂያ ማደሻ ቀንም ከረሳ ነገሩ ስላንቺ አይደለም። በተቃራኒው የአለቃውን ልደት አስታውሶ ያንቺን ብቻ ከረሳ እሱን ደብተር ላይ አስፍሪው።

ለስላሳነት፣ አግሪየብልነስ። እዚህ ላይ ቆም እንበል ምክንያቱም ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። ቴስቱ «ከሰው ጋር መጋጨት አልወድም» የሚለውን እንደ ልበ ቅንነት ይቆጥርላችኋል። እኛ ጋ ግን ውስጡ ተቃጥሎ «ችግር የለም» የሚል ሰው ሞልቷል። እጮኛሽ ለሁሉም ነገር እሺ የሚል ከሆነ ቅን ነው ብለሽ ከመደምደምሽ በፊት እሺ ያለውን ነገር በኋላ ያደርገዋል ወይ ብለሽ እዪ። ቅን ሰው እሺ ብሎ ያደርጋል፣ ይሉኝተኛ ሰው እሺ ብሎ ይጠፋል፣ ወይ ያደርግና ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ፊት ከነቀኑ ይዘረዝረዋል። ይሉኝታ ያለበትን ሰው «ትፈልጋለህ ወይ» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ ሁለት አማራጭ ስጡት፣ «ቅዳሜ ነው እሁድ እናትህ ጋ የምንሄደው»፣ ያኔ እውነቱ ትንሽ ይወጣል።

አምስተኛው ስጉነት ወይም ሆደ ባሻነት ነው፣ ኒውሮቲሲዝም ይሉታል፣ ስሙ ይከብዳል ግን በሽታ ማለት አይደለም፣ ስሜት ቶሎ የሚነካው፣ ቶሎ የሚሰጋ፣ ቶሎ የሚከፋው ማለት ነው። ከአምስቱ ትዳር ላይ በጣም የሚታየው ይሄ ነው። ኬሊና ኮንሊ የሚባሉ ሰዎች 1987 ላይ ያወጡት ጥናት አለ፣ አሜሪካ ውስጥ 300 ጥንዶችን ከ1930ዎቹ፣ ገና ከእጮኝነታቸው ጀምሮ እስከ 1980 አካባቢ የተከታተለ ነው። ትዳሩ ደስታ እንዲያጣ ወይም እንዲፈርስ በይበልጥ ያመለከቱት የባልም የሚስትም ስጉነት እና የባልየው ራሱን አለመቆጣጠር ነበሩ። ሀምሳ ዓመት ጠብቀው ነው ያወቁት፣ እናቶቻችን ደሞ ልጅ ሊድሩ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቁጡ ነው እንዴ? ይጠጣል?» ብለው ነው።

ሆደ ባሻ ሰው ካላችሁ ወይ ራሳችሁ ከሆናችሁ (እኔ ነኝ) ማድረግ የሚቻለው ነገር አለ። ለሆደ ባሻ ሰው ባዶ ቦታ መጥፎ ነው፣ ያልተነገረውን በመጥፎ ነው የሚሞላው። «እንነጋገራለን» ብሎ ቴክስት ልኮ ዝም ማለት ለኔ ዓይነቱ ሰው ከስድብ ይከፋል። «ማታ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ እንነጋገራለን» ብላችሁ ጨርሱት፣ ስድስት ቃል ነው የጨመራችሁት፣ የሰውየውን ሙሉ ቀን አተረፋችሁ።

ኩርፊያን ማንበብ

ወደ አቮይዳንት እንመለስ፣ ልጅቷ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ነው። ይሄ ቃል የመጣው ከአታችመንት ቲዎሪ ነው፣ ጆን ቦውልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይካትሪስት የጀመረው፣ ህጻን ልጅ ከሚያሳድገው ሰው ጋር ያለው ትስስር እንደ ምግብ የሚያስፈልገው ነገር ነው የሚል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አብራው ትሰራ የነበረችው ሜሪ አይንስወርዝ ጥናቷን የጀመረችው ኡጋንዳ ውስጥ መሆኑን ነው፣ 1954 ላይ ወደ ካምፓላ መጥታ በአካባቢው ባሉ መንደሮች እናቶችንና ህጻናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች አየች። ከዛ በኋላ ነው አሜሪካ ባልቲሞር ሄዳ እናት ለትንሽ ደቂቃ ከክፍሉ ወጥታ ስትመለስ ህጻኑ ምን ያደርጋል የሚለውን ዝነኛ ሙከራ የሰራችው። የፈረንጅ ነገር ነው የምትሉኝ ጎረቤቶቼ ሆይ፣ የጥናቷ መነሻ እዚሁ ምስራቅ አፍሪካ ነው።

ሙከራው ላይ አንዳንዱ ልጅ ያለቅስና እናቱ ስትመለስ ታቅፋው ዝም ይላል፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አንዳንዱ እናቱ ስትመለስ ይጠጋታልም ይገፈትራታልም፣ አልጽናናም ይላል። አንዳንዱ ደሞ ስትሄድም ስትመጣም ምንም እንዳልተፈጠረ ፊቱን ያዞራል። በ1987 ሃዛንና ሼቨር የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄንኑ ወደ አዋቂ ፍቅር አመጡት፣ ጋዜጣ ላይ መጠይቅ አውጥተው ሰው ራሱን እንዲመድብ አደረጉ፣ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ተረጋግቼ እወዳለሁ አለ፣ ሩብ ያህሉ መቀራረብ ይከብደኛል አለ፣ የቀረው ደሞ የምፈልገውን ያህል አይጠጉኝም፣ ይተውኛል ብዬ እሰጋለሁ አለ።

እኛ ጋ ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ ነው የሚደበቀው፣ ኩርፊያ። ችግሩ ኩርፊያ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው ለምኑኝ የሚል ኩርፊያ ነው። አልበላም ይላል ግን ማዕዱ የሚታይበት ቦታ ይቀመጣል፣ በር ሲዘጋ ያሰማል፣ ፊቱን ያዞራል ግን ጆሮው እናንተ ጋ ነው፣ ብትተዉት ይብሳል፣ ብታባብሉት ትንሽ ግፍትር ያደርግና ይመለሳል። ይሄ የሚሰጋው ሰው ኩርፊያ ነው፣ «ትወጂኛለሽ ወይ» የሚለውን በአፉ መጠየቅ አቅቶት ነው። ሁለተኛው ተዉኝ የሚል ኩርፊያ ነው። ድምጽ የለውም። ይተኛል፣ ወይ ወረድ ብሎ ግቢ ውስጥ ይዞራል፣ ወይ ያልተበላሸ ነገር ይጠግናል። ይሄንን ስታባብሉት ይብስበታል፣ በተከተላችሁት ቁጥር ይርቃል፣ ከተዋችሁት ግን በሁለት በሶስት ሰዓት ራሱ መጥቶ «ቡና አለ?» ይላል፣ ያቺ ቡና አለ ወይ ማለት ይቅርታ መሆኗን የገባት ሚስት ብዙ ጠብ ታተርፋለች።

አብዛኛው ሰው የሚጣላው የራሱን መድሃኒት ለሌላው ስለሚሰጥ ነው። ለምኑኝ የሚለው ሰው ተዉኝ የሚለውን ይከተላል፣ ያኛው ይሸሻል፣ ይሄኛው ሲሸሽበት ይበልጥ ይከተላል፣ ማን እንደጀመረው እስኪጠፋ ድረስ። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ካወቃችሁ ስምምነት አድርጉ፣ ደህና ቀን ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት። የሚርቀው ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ይናገር፣ «አሁን አልችልም፣ ከእራት በኋላ እናወራለን»፣ እና በተናገረው ሰዓት ይምጣ፣ ካልመጣ ስምምነቱ ውሸት ነው። የሚከተለው ሰው ደሞ እስከዛ ሰዓት አይደውል፣ አስራ አምስት ሚስድ ኮል አያድርግ፣ እህቱ ጋ አይደውል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔ ልብስ በማጠብ ነው የማሳልፈው፣ ውሃ ካለ።

ደሞ ሰው ከሁሉም ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፣ እድሜ ልክም አይደለም። ረጋ ካለ ሰው ጋር ረጅም ጊዜ የኖረ ሰጊ ሰው ሲረጋጋ አይቻለሁ፣ ጥናቱም ይሄንኑ ይላል።

የምትተዉት

አስራ ስድስቱ ታይፕ፣ ባለ አራት ፊደሉ፣ እናትና ልጅ ብሪግስና ማየርስ ካርል ዩንግ ከሚባል የስዊዘርላንድ ሳይካትሪስት ሀሳብ ተነስተው የሰሩት፣ ለጨዋታ ደስ ይላል፣ ግን ከሳምንታት በኋላ ሲደግሙት ሌላ ታይፕ የሚወጣለት ሰው ብዙ ነው፣ በሱ ሰው አትምረጡ ሰውም አትጣሉ። ከጋብቻ በፊት ትምህርት ላይ የሚሰጠው ሳንጉዊን፣ ኮለሪክ፣ ሜላንኮሊክ፣ ፍሌግማቲክ የሚለው ደሞ ከጥንት ግሪኮች የወረደ ነው፣ ደም፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞትና አክታ ሰውነት ውስጥ ሲመጣጠኑ ሲበላለጡ ጠባይ ይወጣል ከሚል ህክምና የመጣ። ሰዎቹ እጮኛሞችን ቁጭ አድርገው ስለ ጠባይ ማስወራታቸውን እወደዋለሁ፣ አክታውን ግን ተዉት።

«ግን እኮ ቁርጥ እኔን ነው የሚገልጸኝ» ትሉኛላችሁ። በርትራም ፎረር የሚባል መምህር 1948 ላይ 39 ተማሪዎቹን ቴስት አስፈተነና ለእያንዳንዳቸው የግል ውጤት ብሎ ሰጣቸው፣ ምን ያህል ይገልጻችኋል ሲላቸው ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ለሁሉም የሰጣቸው ግን አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር፣ ጽሁፉንም በብዛት የወሰደው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። እኛ ጋም «ኮከባቸው አይገጥምም» ተብሎ ስንት ፍቅር ፈርሷል፣ አሁን ደሞ ኮከቡን በአራት ፊደል ቀይረነዋል።

አፋችሁን ጠብቁ

አንድ ጊዜ ጠብ መሃል ላይ ባለቤቴን «አንተ እኮ ክላሲክ አቮይዳንት ነህ» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና «ቢሮሽ የመጣሁ ስራ ፈላጊ መሰልኩሽ እንዴ» አለኝ። ከዛ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ በነጠላ ቃል ነው የተነጋገርነው። አሁን ሳስበው እውነቱን ነበር፣ ቃሉን የተጠቀምኩት ልረዳው ብዬ አይደለም፣ ላሸንፈው ነው። ስለዚህ ህግ አድርጉት፣ የቲዎሪ ቃል ጠብ ውስጥ አይገባም፣ ስለራሳችሁ ካልሆነ በስተቀር። «እኔ ስትዘገይ ቶሎ እሰጋለሁ፣ ልምዴ ነው፣ አንድ ቃል ጻፍልኝ» ብትሉ ሰው ይሰማል። «አንተ እንዲህ ነህ» ሲባል ግን ማንም ሰው ጠበቃ ነው የሚሆነው።

እና ደሞ በዚህ ሁሉ የማይመዘን ነገር አለ። የሚማታ፣ የሚያስፈራራ፣ ስልክሽን ቀምቶ የሚፈትሽ፣ ደሞዝሽን የሚወስድ፣ ቤተሰብሽ ጋ እንዳትሄጂ የሚከለክል ሰው ካለ ልጅነቱ እንዴት ነበር እያልሽ ደብተር አትሙዪ። እዛ ላይ ታክሲውም አይቀነስም። ለምታምኚው ሰው መንገር፣ ወረዳ ሴቶች ጉዳይ፣ ፖሊስ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ባይሆን እንኳ ከነዚህ አንዱ። ልጅነት ከብዶበት የሰው እጅ የማይጠመዝዝ ስንት ሰው አለ።

ልጅቷን ያን ቀን ምንም አልመለስኩላትም፣ ደብተር ግዢና ሁለት ሳምንት ጻፊ፣ ከዛ ነይ ብዬ ሸኘኋት፣ ቅር ብሏት ነው የሄደችው። ባለፈው እሁድ ይዛው መጣች። ቡናው እስኪወጣ አብረን ቆጠርነው። ቶሎ ሳይመልስላት የቀረው ዘጠኝ ጊዜ ነው። ሰባቱ ከ12 ሰዓት እስከ ማታ 2 ተኩል ባለው ውስጥ ነው፣ ልጁ ከመርካቶ ወደ ኮዬ ፈጬ አውቶብስ ላይ ቆሞ የሚሄድበት ሰዓት፣ እዛ ግፊያ ውስጥ ስልክ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ደሞ ስልክ የለውም ማለት ነው። ሳቀች። ሁለቱ ግን ቀሩ። አንዱ ሐሙስ ጠዋት ነው፣ አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አውቶብስ የለ ሰልፍ የለ። ከሁለቱም በፊት የጻፈችለትን አየነው፣ ሁለቱም ላይ ሽማግሌ መቼ ነው የምትልከው ብላዋለች።

ስኒዋን አስቀመጠችና ትንሽ ዝም አለች። «እና አቮይዳንት ነው?» አለችኝ እንደገና። ሽማግሌ መላክ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፣ አባቱ ሊሆን ይችላል፣ ፍርሃት ሊሆን ይችላል፣ አንቺን አለመፈለግም ሊሆን ይችላል፣ እኔ ከደብተር ላይ አላነበውም አልኳት። ቅዳሜ በአካል ሲገናኙ ስለ ሽማግሌ ብቻ ልትጠይቀው ነው፣ ስለ ቴክስቱ ምንም ሳታነሳ።